ቁጭ ብላ የዞረችው

ሰኔ 4 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህልኝ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለፈው ሳምንት አጎቴ አንተ ካለህበት የመንገድ ሥራ ካምፕ የመጣ አንድ መካኒክ አግኝቶ ስላንተ ጠይቆት ነበር። «ከስቷል፣ ግን ይስቃል» አለው። እማዬ መክሳትህን ብቻ ሰማች፤ እኔ መሳቅህን ብቻ ሰማሁ። አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከዚያ ግን የባሰ ከበደኝ።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን ታውቀኛለህ፤ እኔ ስልክ ላይ «እ… እ…» ስል ነው ካርዱ የሚያልቀው። ደግሞ ፊቴን ባታይ ድምፄን ትሰማለህ፤ እሱንም አልፈለግሁም። የእጅ ጽሑፌ አሁንም ጉንዳን የሄደበት ነው የሚመስለው፤ ታግሠህ አንብበው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የእማዬ ወገብ ቀለል ብሎላታል፤ ደረጃውን ግን አሁንም ግድግዳ እየያዘች ነው የምትወጣው። ክፍልህን አላከራየችውም። ለጠየቃት ሁሉ «ዕቃ ማስቀመጫ ነው» ትላለች፤ አንድም ዕቃ ግን አላስገባችበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ትገባና መስኮቱን ከፍታ፣ ትንሽ ቆማ፣ ዘግታው ትወጣለች። አጎቴን ውሃ መሥሪያ ቤታችሁ ከመስክ መኪናው አውርዶ ቦቴ ሰጥቶታል። ውሃ የጠፋበት ሰፈር ሁሉ እየዞረ ያድላል። «አሁንስ ማንም አልዞርክም ሊለኝ አይችልም፤ ከኋላዬ መሬቱ ርጥብ ነው» እያለ ይቀልዳል። ይቀልድ እንጂ፣ ያን ቀን መስክ ላይ አብሮህ እንደዋለ ለኮሚቴው መስክሮ ሳይታመን መቅረቱ እስካሁን ከሆዱ አልወጣም። «የሥጋ ዘመዱ ነህ፤ ሌላ ምን ልትል ኖሯል» ነበር ያሉት።

ሰፈሩ ያወጣልህን ስም ታውቀዋለህ። በፊት እኔ ባለሁበት አይሉትም ነበር። አሁን አሁን ረስተውኝ ይሁን ከቁጥር ሳያስገቡኝ፣ ይሉታል። አንድ ጠዋት ዳቦ ወረፋ ላይ ቆሜ አንዱ ጓደኛውን «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» ሲለው፣ «እንደ ቁጭ ብሎ ዟሪው ቤቴ ሆኜ ጨረስኩት» ብሎ መለሰለት። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ወንድም ጋሼ፣ እኔም ፈገግ አልኩ። ሁሉም ሲስቅ እኔ ብቻ ዝም ካልኩ ያዩኛል ብዬ ነው። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩና ለእማዬ አልቋል አልኳት።

ቁጭ ብላ የዞረችው እኔ ነኝ።

ይህችን መስመር ጽፌ ተነሣሁና ዕቃ አጥቤ መጣሁ። አሁን ልቀጥል።

ከሁለት ሳምንት በፊት የእማዬን ቀሚስ ይዤ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄጄ ነበር። ዋናው የውሃ መስመር የፈነዳ ቀን ሠራተኞቹ አንተ የቦታውን መዝገብ የሞላህለትን የውሃ መዝጊያ ሦስት ጊዜ ቆፍረው አጡት። አምስት ሰዓት ሙሉ ውሃው የወረደው ወደ እሳቸው ሱቅ ነበር፤ ግድግዳው የወደቀውም በእሳቸው ላይ። አሁን በምርኩዝ ይሄዳሉ። የስፌት መኪናውን በግራ እግራቸው ብቻ መርገጥ ለምደዋል። እኔ እዚያ ስገባ ዓይኔ እግራቸው ላይ ነው የሚያርፈው። ያን ቀን አዩኝ።

«እግሬን ተዪው፣ እሱ ቀስ በቀስ ይድናል» አሉኝ። «ወንድምሽንም አልተቀየምኩትም። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሰነፍ ሰው ያስታውቃል፤ ስንት ተለማማጅ ያየሁ ሰው ነኝ። ወንድምሽ እዚህ በሬ ላይ ተንበርክኮ የመዝጊያ ክዳን አፈር በእጁ ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ቀኑ የትኛው እንደነበር መማል አልችልም እንጂ አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ የውሸት መዝገብ የሚሞላው ለምንድን ነው?»

«አላውቅም» አልኳቸው። ቀሚሱ ይጠር ይርዘም እንኳን ሳልነግራቸው ጠረጴዛው ላይ ጥዬው ወጣሁ።

ባለፈው ሐሙስ እማዬ ሐኪም ቤት ስትሄድ፣ ትተህልኝ የሄድከውን ላፕቶፕ ከአልጋህ ሥር አውጥቼ በፎጣ ጠቀለልኩትና ወደ መሥሪያ ቤትህ ሄድኩ።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ጉዳዬን ጠየቀኝ። ጉዳዬን መናገር አቃተኝና «ላፕቶፕ ላሳይ ነው» አልኩት። «ጥገና በኋላ በር ነው» አለኝ። አይደለም ማለት አፍሬ ግቢውን ዞሬ ጥገና ክፍል ወረፋ ያዝኩ። ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ሳቅብኝ፣ ይገባኛል። ደግነቱ አለቃህ ኢንጂነሯ በዚያ በኩል መጡ። መቼስ አንተ ነህ የነገርከኝ፤ መነጽራቸውን ራሳቸው ላይ ሰክተው መነጽራቸውን ይፈልጉ ነበር። በዚያ ነው ያወቅኋቸው። እጄን አናቴ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው፤ ነክተው አገኙትና ሳቁ። የማን እህት እንደሆንኩ ስነግራቸው ሳቃቸው ቆመ። «ነይ» ብለው ቢሮአቸው አስገቡኝ።

ቢሮው ጠባብ ነው። ግድግዳውን የሞላው የከተማው ካርታ ነው። ጥግ ላይ አንድ ጸሐፊ ይተይባል። እሱ ይውጣልኝ ማለት ፈልጌ አልቻልኩም። ያልኳቸውን እንዳልኩት እጽፍልሃለሁ። አንተ ያስተማርከኝን መልሼ ለአንተ መንገሬ ነው፤ ግን ምን እንዳልኩ ማወቅ አለብህ።

እንዲህ አልኳቸው። መኪናው ጣሪያ ላይ የሚለጠፈው ጥቁሩ ተቀባይ መኪናው የት እንዳለ ከሳተላይቶቹ በየሰከንዱ ይሰማል። የሰማውን የሚናገረው ግን ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። መንገድ የሚያሳየው ካርታ ከያዘው የመዝጊያዎቹን ቦታ የሚጽፈው መዝገብ ባዶ ይቀራል፤ መዝገቡ ከያዘው ካርታው ይቆማል። ስለዚህ ወንድሜ በመሃል አከፋፋይ የሚለውን ሌላ ፕሮግራም አስገባ። ተቀባዩን የሚሰማው አከፋፋዩ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለየፕሮግራሙ በር ከፍቶ ያካፍላቸዋል። አንደኛው በር የካርታው ነው፣ ሁለተኛው የመዝገቡ። አከፋፋዩ የተሄደበትን ጉዞም ቀድቶ ያስቀምጣል። ከተፈለገ በየትኛውም በር በተቀባዩ ፋንታ የተቀዳ ጉዞ ማስገባት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ መኪናው እየሄደ ይመስለዋል። ወንድሜ ቤት ሆኖ ሥራውን የሚሞክረው በዚህ ነበር።

«እሱን አውቃለሁ፤ ቀጥዪ» አሉኝ።

እኔ መጓዣ አደረግሁት አልኳቸው። ከስምንተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ ከዳቦ ቤትና ከሐኪም ቤት አልፌ እንደማላውቅ፣ አንተ ላፕቶፑን ቤት ትተህ ስትወጣ ወንበርህ ላይ ተቀምጬ ያንተን ጉዞዎች እንደምከፍት ነገርኳቸው። ካርታው ላይ ቀስቷ ትሄዳለች፤ መዝገቡ ላይ ፍጥነቱ ይታያል። ስለዚህ ሁለቱንም በር ነው ወደ ተቀዳው ጉዞ የማዞረው። መታጠፊያ ላይ ሰውነቴ ዘንበል ይል ነበር። ይህንንም ተናገርኩ፤ ለምን እንደተናገርኩ እንጃ። ጸሐፊው መተየቡን ቀስ አደረገ።

ከዚያ ስለዚያች ማክሰኞ ከሰዓት ነገርኳቸው። ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ ትተህ ስብሰባ የሄድክባት። ካሰብኩት ቀድመህ መጣህ። የእግርህን ድምፅ ደረጃው ላይ ስሰማ ካርታው ፊቴ ነበርና የእሱን በር ወደ ተቀባዩ መለስኩት። መዝገቡ ከካርታው ሥር ተሸፍኖ ነበር። ሁለተኛውን በር አልመለስኩትም። ክዳኑን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ አንተና አጎቴ አርባ ሦስት መዝጊያ መዘገባችሁ። ካርታው ትክክል ያሳያችኋል። መዝገቡ ግን በየመዝጊያው ላይ ቁልፉን በተጫንክ ቁጥር ያለፈውን ወር ጉዞ ነበር የሚጽፈው፤ ጉዞው ሲያልቅ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እሱ ላይ ያለው የቁጥር ጋጋታ ነው፤ ማን ቆሞ ያነበዋል። ኮሚቴው በኋላ አርባ ሦስቱም ነጥቦች በአሮጌው ጉዞ መስመር ላይ እንደ ክር ተሰክተው ሲያገኛቸው፣ መኪና አንድን መስመር ሳይዛነፍ ሁለት ጊዜ አይሄድም፣ ስለዚህ ቤቱ ተቀምጦ ገልብጦታል አለ። የተናገሩት ልክ ነበር። የተቀመጠው ሰው ነው ሌላ የሆነው።

ኢንጂነሯ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ወረቀት ገለል አደረጉ። ከዚያ «አሳዪኝ» አሉኝ።

ከፈትኩትና ሁለቱንም በር አዞርኩ። ላፕቶፑ ጠረጴዛቸው ላይ እንዳለ መኪናው ከተማውን መዞር ጀመረ። «ያ ጉዞ የትኛው ነው?» አሉኝ። የጉዞዎቹን ዝርዝር ማሳየት ነበረብኝ። ወንድም ጋሼ፣ ስም አውጥቼላቸው ነበር። አንተ ማታ እራት ላይ ከምታወራው እየወሰድኩ። መቼም አይተኸዋል፤ አንድ ቀን እንኳን ምነው አላልከኝም። ኢንጂነሯ ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ጎማ የፈነዳበት። ወንዙን ሁለቴ የተሻገርንበት። አጎቴ የተሳሳተበት።» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ጸሐፊው መተየቡን ጨርሶ ተወው። ጣቴን አርባ ሦስቱ ነጥቦች ያሉበት ጉዞ ላይ አደረግሁ። እሱንም አነበቡት። «ከወንድም ጋሼ ጋር» ይላል።

«ይህን ስም እሱ አላወጣውም» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

እንዳበቃ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን እኔ የማላውቀውን ያውቃሉ። አከፋፋዩ በየቀኑ የትኛው በር በስንት ሰዓት እንደዞረ የሚጽፍበት ገጽ አለው ለካ። ገጾቹን አወጧቸው። ሰኞ አለ። ረቡዕ አለ። የዚያች ማክሰኞ ገጽ የለም።

«ያን ማክሰኞ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ነበርን» አሉ። «አጠገቤ ነበር የተቀመጠው፤ ቃለ ጉባኤ የያዘው እሱ ነው። ይህ ገጽ ቢኖር ኖሮ በሩ በዞረበት ሰዓት እሱ እኔ ጋ እንደነበር ይታወቅ ነበር። በአንድ ቀን ነጻ ይወጣ ነበር። ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ግን ‹የምለው የለኝም› አለ። እኛም እንደ ማመን ቆጠርነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማነው ያጠፋው?»

ያን ጊዜ የኮሚቴው ደብዳቤ የመጣ ቀን ትዝ አለኝ። ክፍልህ ጠርተኸኝ ላፕቶፑ ተከፍቶ ነበር። «ሚጡ፣ ማሽኑን ነክተሽ ነበር?» አልከኝ። «አልነካሁም» አልኩህ። አየኸኝ፤ ብዙም አላየኸኝም። «እሺ፣ በቃ። ሂጂ እራትሽን ብዪ» አልከኝ። እኔም ሄጄ በላሁ። እንዳመንከኝ ቆጥሬ፣ አምልጫለሁ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ጉርሻ በላሁ። ዘንድሮ ሙሉ ከዚያ ውሸት ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ እራት ነው።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«እንዳይታወቅብኝ።»

«እንዲህ ብለሽ ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ?» አሉኝ። እፈርማለሁ አልኩ። ወረቀት ሰጡኝና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍኩት፤ ገጹንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። ሲያነቡት እዚያ መስመር ላይ ቆም አሉ። ከዚያ ማኅተም አሳረፉበት።

አሁን የደረሰበትን ልንገርህ። ጉዳዩ እንደገና ኮሚቴ ይቀርባል። ከፋይልህ ላይ «አጭበርባሪ» የሚለውን ለማስፋቅ ራሳቸው እንደሚከራከሩ ነግረውኛል። ቦታህ ላይ ሌላ ሰው ተቀጥሯል፤ ስለ ሥራው ቃል ልገባልሽ አልችልም ብለዋል። ግን አንተም ቀርበህ ቃልህን መስጠት አለብህ። ቀኑ ሰኔ 20 ነው፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት። እባክህ ና። ካምፑ ፈቃድ አልሰጥም ካለህ ኢንጂነሯ ደብዳቤ ይጽፉልሃል።

ለእማዬ የነገርኳት ያን ዕለት ከሰዓት ነው። ከኢንጂነሯ ይልቅ እሷ ከበደችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሽንኩርት ትከትፍ ነበርና ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሲወጣ በር ላይ ምን እንዳልኩት ሰምተሻል?» አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት። «ያን ሁሉ ክፉ ቃል ስናገረው አንቺ የት ነበርሽ?» አለችኝ። ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። እሱንም ነገርኳት። ተነሥታ ክፍልህ ገባችና ቅዳሜ ሳይሆን መስኮቱን ከፈተችው። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «ልትጽፊለት ነው?» አለችኝ። አዎ ስላት «እናትህን ይቅር በላት በዪው» አለችኝ፤ ትንሽ ቆየችና «አይ፣ ተዪው። እሱን እኔ ራሴ ነው የምነግረው። አንቺ የራስሽን ጻፊ» አለች። ስለዚህ ያልነገርኩህ አድርገህ ያዘው።

አጎቴ ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣ፤ «ቦቴ ላይ ያስቀመጥሽኝ አንቺ ነሽ ለካ» አለኝ። ከዚያ አንድ ጉዞ ክፈቺልኝ ብሎ «አጎቴ የተሳሳተበት»ን አየ። አልተሳሳትኩም፣ አቋራጭ ነበር ብሎ እስካሁን ይከራከረኛል። ልብስ ሰፊው ዘንድ ነገ እሄዳለሁ። ምን እንደምላቸው አላውቅም፤ ግን «አላውቅም» አልላቸውም።

የራሴን ጻፊ ተባልኩ እንጂ የራሴ አንድ ነው፤ ይቅር በለኝ። እኔ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ፈርቼ ብቻ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

አሁን የመጨረሻውንና ዋናውን ልንገርህ። ኮሚቴው ስለዚያ ገጽ ከጠየቀህ «እሷ ናት፤ በጽሑፍ ሰጥታለች» በል። ሌላ ነገር አትጨምር። ቃላችን ከተለያየ አንተን መልሰው ይይዙሃል፤ መረጃ ማጥፋት ከሥራ ከመባረርም የከበደ ቅጣት አለው ብለውኛል። እኔ ምንም አይሉኝም፤ ልጅ ነኝ፣ ሠራተኛቸውም አይደለሁም። እኔም የማልጠይቅህን አልጠይቅህም። ግን ከሰኔ 20 ቀደም ብለህ ና፤ ቢያንስ ሁለት ቀን። አንድ የምታሳየኝ ነገር አለ። ኮሚቴው ፊት «እንዴት እንዳጠፋሽው አሳዪን» ቢሉኝ አልችልም። ሐሙስ ከተመለስኩ ጀምሮ ስሞክር ነው የሰነበትኩት፤ ገጹ እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅበትም።

ጉልበትህን ያበርታልህ። ፀሐዩን ያብርድልህ። መንገዱን የቀና፣ አብሮህ የሚቀመጠውን ሰው ደግ ያድርግልህ። በሰላም ያምጣህ።

ያስከፋችህ እህትህ
ሚጡ